ኮርቻው ወደ ግራ ሲያጋድል፦ ከግጭ በሌሊት የወረደ እንግዳ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ይህ ጽሑፍ በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በበቅሎ በተጀመረ የአምስት ቀን ጉዞ ላይ ያጋጠመ የከፍታ ሕመም፣ ማለትም ሰውነት ሳይለማመድ ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወጣ የሚመጣ ሕመም፣ ታሪክ ነው። እኔ በቦታው አልነበርኩም። በኋላ ግን ከአስጎብኚው፣ ከስካውቱ (ከፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ)፣ ከባለ በቅሎዎቹ፣ ከታመመው እንግዳና ከአጎቱ ልጅ ጋር በየተራ ተቀምጬ አውርቻለሁ። ሁሉም እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስማቸውና ጉዞውን ያዘጋጀው ድርጅት አይጠቀሱም።

በተራራ ላይ የታመመ እንግዳ አዲስ ነገር አይደለም። ይህን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ሌላ ነው። ችግሩን ከሁሉም ቀድሞ ያየው ሰው ነበር፤ ያየውን ግን ማንም አልጠየቀውም። ያ ሰው የታመመው እንግዳ የተቀመጠባት በቅሎ ባለቤት ነው።

ተጓዦቹና መንገዱ

ተጓዦቹ ስድስት ነበሩ። አራቱ ከአዲስ አበባ፣ ሁለቱ ከአሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ የመጡ የአጎት ልጆች። ታሪኩ የሚያተኩረው ከሁለቱ በአንዱ፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ባለ ጎልማሳ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ አድጓል። ሩጫ ያዘወትራል። ጉልበቱን አንዳንዴ ስለሚያመው ለመጫኛ ከተያዙት በቅሎዎች ሌላ የመቀመጫ በቅሎ ተከራየለት። አብረዋቸው አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና ባለ በቅሎዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው ዕቅድ ጥሩ ነበር። ጎንደር አንድ ሌሊት፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ በፓርኩ ውስጥ ያሉት የማደሪያ ሰፈሮች ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ፣ በመጨረሻም የቧሂት ተራራ። ነገር ግን የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ወደ ጎንደር የአውሮፕላን ወንበር ጠፋ። ጉዞው ዘገየ። የመመለሻው ቀን ግን አልተነካም። ስለዚህ ከዕቅዱ መሃል የሚቀነስ ነገር ተፈለገ። የተቀነሱት የጎንደርና የደባርቅ ሌሊቶች ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እነዚያ ቀናት ምንም የማይታይባቸው፣ ዝም ብለው የሚባክኑ መስለው ታዩ።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። ሰውየው ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ ከተማ ተነሥቶ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አደረ። በማግሥቱ ጠዋት ጎንደር ደረሰ። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዞ ደባርቅ ላይ ትኬት ቆርጦ፣ ሳይቆም ወደ ፓርኩ ገባ። ማታውን 3,250 ሜትር ላይ ባለው ሳንቃበር አደረ። በሦስተኛው ሌሊት ግጭ ላይ ነው፤ 3,600 ሜትር። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ያለው ጭማሪ ብቻውን ብዙ አይደለም። ጉዳቱ የመጣው ሰውነቱ ከታች ሳይለማመድ የመጀመሪያው የተራራ ሌሊት ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ «የደጋ ልጅ ነኝ» የሚለው ነገር መጣ። እንግዳው ራሱ ተናግሮታል፣ ጓደኞቹም አምነውታል፣ አስጎብኚውም አልተቃወመም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ሰውየው ያደገባት መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ሰውነት በከፍታ ላይ የሚያገኘው መለማመድ ወደ ቆላ ከወረዱ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። እሱ ደግሞ ከአገር ከወጣ ብዙ ዓመታት ሆኖታል። ሩጫውም አያድነውም። ጠንካራ ሰው በፍጥነት ይወጣል እንጂ ከሕመሙ አይከለልም።

ከሳንቃበር እስከ ግጭ

ጠዋት ሳንቃበር ላይ ራሱን አመመው። ፓራሲታሞል ወሰደ። እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር አለ። ለሌላው ሰው ይህ የመጀመሪያ ሌሊት የድንኳን ችግር መሰለ።

መንገዱ በገደሉ አፋፍ ሄዶ ወደ ጅንባር ወንዝ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ግጭ ሜዳ ይወጣል። ፏፏቴው የሚታየው እዚያ ነው። እግረኞቹ በሽቅቡ ላይ እያረፉ፣ ውሃ እየጠጡ ወጡ። እሱ ግን በቅሎ ላይ ነው። ደከመኝ የሚልበት ምክንያት አልነበረም። ቀድሞ ወጣ፤ ቀድሞም ደረሰ።

በበቅሎ ወይም በፈረስ የሚደረግን ጉዞ ከእግር ጉዞ የሚለየው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። በእግሩ የሚወጣ ሰው ሲታመም ይዘገያል። ኋላ ይቀራል፣ ይቀመጣል፣ ሰው ያየዋል። የተቀመጠውን ሰው ግን በቅሎዋ በራሷ እርምጃ ይዛው ትወጣለች። ሚዛኑን ሲስት እንኳ ኮርቻው ይደግፈዋል። ሲወርድ ቢንገዳገድ ደግሞ ለሁሉም ዝግጁ ማብራሪያ አለ፤ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ እግሩ ደንዝዞ ነው ይባላል። ግጭ ሲደርስ የሆነውም ይኸው ነው። ከበቅሎዋ ሲወርድ ሁለት ጊዜ ተንገዳገደ። ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ማታ ሻይ ጠጥቶ አስመለሰው። እራት አልፈልግም አለ። አስጎብኚው ዝንጅብል አስፈልቶ ሰጠው፤ ተጨማሪ ፓራሲታሞልም ወሰደ። በጊዜ ተኛ። በጥር የግጭ ሌሊት ውሃ ያረጋል። ሁሉም በየድንኳኑ ገባ።

ሌሊት 7 ሰዓት

መጀመሪያ የነቃው የአጎቱ ልጅ ነው። በሽተኛው ጫማውን እጁ ላይ ለማጥለቅ እየታገለ ነበር። የት እንዳሉ ሲጠየቅ «መኪናው መጣ?» ብሎ መለሰ። የአጎቱ ልጅ አስጎብኚውን ጠራ።

አስጎብኚው በሥልጠና ላይ የተማረውን አንድ ቀላል ፈተና አስታወሰ። መሬት ላይ ገመድ ዘረጋ። በገመዱ ላይ ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ ሂድ አለው። በሽተኛው ሁለት እርምጃ ሳይሞላ ወደ ጎን ወደቀ። ይህ ተራ ራስ ምታት አይደለም። ግራ መጋባትና ሚዛን መሳት አንድ ላይ ሲመጡ በከፍታ ምክንያት የአንጎል እብጠት እንደጀመረ ይቆጠራል። በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ። ሌላው ሁሉ መውረዱን የሚያግዝ ነው።

ክርክሩ የተነሣው ወዴት እንውረድ በሚለው ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጡት አንዱ እስኪነጋ ጠብቀን ወደ ጨነቅ እንሂድ አለ። ጨነቅ መኪና ይገባል፤ የራሳቸው ሾፌርም እዚያ እየጠበቃቸው ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ጨነቅ የሚወስደው መንገድ በእናትዬ በኩል ነው፤ እናትዬ ከ4,000 ሜትር በላይ ናት። ጨነቅ ራሱ ከግጭ አይወርድም። በሽተኛውን ወደ መኪናው ለማድረስ መጀመሪያ ወደ ላይ መውሰድ ማለት ነው። አስጎብኚው ይህን ተናገረና በመጡበት ወደ ጅንባር እንወርዳለን ብሎ ቆረጠ። አነጋገሩ ለውይይት ቦታ አልሰጠም። ለእኔ በዚያ ሌሊት የተሠራ ትልቁ ሥራ ይህ ውሳኔ ነው።

ስካውቱ ኔትወርክ የሚይዝበትን ጉብታ ያውቃል። ከዚያ ለሾፌሩ ተደወለ፤ ጨነቅ ላይ ስልኩ አይሠራም። ቢሆንም ጎንደር ያለ አንድ ሐኪም ተገኘ። በዚያው ሰፈር ሌላ የውጭ አገር ሰዎች ቡድን አድሮ ነበር። የእነሱ አስጎብኚ ዴክሳሜታሶን የተባለ የአንጎል እብጠትን የሚቀንስ መድኃኒት ይዟል። ሐኪሙ በስልክ እያዘዘ ተሰጠው። የራሳቸው የሕክምና ሳጥን ውስጥ ፋሻ፣ ፓራሲታሞልና ለተቅማጥ የሚሆን ዱቄት ብቻ ነበር።

በበቅሎ ማውረድ አልተቻለም

የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ በሽተኛውን በበቅሎ ማውረድ ነበር። ጫኑት፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ያዘው። ሜዳው ላይ ሄደ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ሰውነቱን መግታት አልቻለም። ወደ ፊት እየተንሸራተተ ከኮርቻው ጋር የበቅሎዋ ጫንቃ ላይ ደረሰ። በቅሎዋ ቆመች። ባለቤቷ ሲጎትታት እግሯን ተከለች። ሁለተኛ ሲሞክሩ ያው ሆነ። ቁልቁለት ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ እርካቡን ረግጦ ራሱን ማመዛዘን አለበት። ሚዛኑን የሳተ ሰው ደግሞ ይህን አይችልም። ከበቅሎ ወድቆ ራሱን ቢመታ ሁለተኛ አደጋ ይጨመር ነበር። በዚህ ሙከራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ጠፋ።

መፍትሔው የመጣው ከባለ በቅሎዎቹ ነው። ከማብሰያ ጎጆው አጠገብ የተቀመጡ ሁለት አጣናዎች ነበሩ። በመጫኛ ገመድ አወራርሰው አሰሯቸው፤ በላዩ ላይ ፍራሽና ሁለት ጋቢ አነጠፉ። ቃሬዛ ሆነ። ለእነሱ ይህ ልዩ ጥበብ አይደለም። መኪና በማይደርስበት ገጠር ወላድም ሆነ በሽተኛ የሚወሰደው እንዲህ ነው፤ እንዴት እንደሚያዝ፣ መቼ ትከሻ እንደሚቀያየር ሁሉም ያውቃል። የሌላኛው ቡድን ባለ በቅሎዎችም ሳይጠየቁ ተነሡ። አራት አራት እየሆኑ ተቀያየሩ። ቁልቁለቱ ላይ ጭንቅላቱ ወደ ላይ እንዲሆን አዙረው ያዙት። ስካውቱ ከፊት ባትሪ ይዞ ሄደ።

ከሁሉም ወጣት የሆነው ባለ በቅሎ በፈጣኗ በቅሎ ቀድሞ ወደ ሳንቃበር ተላከ። እዚያ ባደሩበት ሌሊት የሌሎች ጎብኚዎች መኪና አይተው ነበር። ስልክ ያልሠራውን በቅሎ ሠራው። ቃሬዛው ጅንባርን ተሻግሮ የመኪናው መንገድ ላይ ሲደርስ ጎሕ ቀድዶ ነበር፤ መኪናው ብዙም ሳይቆይ መጣ።

ደባርቅ ሲደርሱ በሽተኛው ስሙንና ያለበትን ቦታ በትክክል ይናገር ነበር። እዚያ ኦክስጅን ተሰጠው፤ ከዚያ ወደ ጎንደር ተወሰደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በደንብ አገገመ።

ባለ በቅሎው ያየው

ጉዳዩን እስከዚህ ድረስ ብቻ ብንጽፈው ስለ ከፍታ ሕመም የተለመደ ታሪክ ይሆናል። እኔን ያቆመኝ ከባለ በቅሎው ጋር ያደረግኩት ንግግር ነው። ዕድሜያቸው ስድሳ ቢጠጋም በቅሎዋን እየሳቡ ሙሉ ቀን በእግራቸው የሚሄዱ ሰው ናቸው።

ያን ቀን ምን እንዳዩ ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«ከጅንባር ስንወጣ ወደ ግራ ያጋድል ነበር። ኮርቻው አብሮት ይዞራል። አስቁሜ ጠፍሩን አጠበቅሁት። ትንሽ ሄደን እንደገና ዞረ። ጥፋቱ የጠፍሩ እንዳልሆነ ገባኝ። ሰው ደህና ሲሆን በቅሎ ላይ እንዲህ አይቀመጥም። ሳናግረውም ዘግይቶ ነው የሚመልስልኝ።»

ለምን ለአስጎብኚው እንዳልነገሩት ጠየቅኋቸው።

«እንግዳው የእሱ ነው። የእኔ ሥራ በቅሎዋ ናት።»

ትንሽ ቆይተው ሌላውን ጨመሩ። ክፍያው በቀን ነው። በቅሎ የሚወጣው በተራ ነው፤ ተራው እስኪደርስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ጉዞው ከተቋረጠ የቀሩት ቀናት ገንዘብ ይቀራል፤ ተራውም ያልፋል። እንግዳ ታሟል ብሎ መናገር የራስን እንጀራ መቁረጥ ሊሆን ይችላል። ይህን ሲሉኝ አላፈሩም፤ የሚያፍሩበት ምክንያትም የለም። ሊያፍር የሚገባው አሠራሩ ነው።

የበቅሎዋ ጀርባ ሌላ ምስክር ነበር። ማታ ኮርቻው ሲወርድ በግራ በኩል ጠጉሯ ተፈግፍጎ ቆዳዋ ቀልቶ ነበር። ሊገጥብ የጀመረ ቦታ ነው። ኮርቻ በደንብ ተጭኖ ሰውየውም መሃል ላይ ከተቀመጠ እንዲህ ያለ ቁስል በአንድ ቀን አይመጣም። በአንድ ጎን ብቻ ከመጣ ክብደቱ ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ጎን ነበር ማለት ነው። የዚያን ማታ አንድ ሰው የበቅሎዋን ጀርባ አይቶ፣ የተቀመጠባትን ሰው ሁኔታ ቢያስብ ኖሮ መውረዱ በብርሃን ይሆን ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

የገመዱ ፈተና ሠራ። ርካሽ ነው፤ ቋንቋ አይጠይቅም፤ ክርክር ያቆማል። የመውረጃው ምርጫ ሠራ። ቃሬዛው ሠራ። በቅሎ አስቀድሞ መላኩም ሠራ።

ፓራሲታሞሉ ጉዳት ነበረው ማለት እችላለሁ። ራስ ምታቱን ስላስታገሠ ጠዋት ላይ የታየውን ማስጠንቀቂያ ሸፈነው። ስልኩ ለሐኪሙ ጠቅሟል፤ ለሾፌሩ ግን አልሆነም። መኪናው ጨነቅ ላይ መጠበቁ ለተለመደ ጉዞ ምቹ ነው። ነገር ግን ቡድኑ ግጭ ላይ ባለበት ሌሊት ቅርቡ መውጫ በጅንባር በኩል ነው። ሾፌሩ ያን ሌሊት ሳንቃበር አድሮ ጠዋት ወደ ጨነቅ ቢነዳ ምንም አይጎድልበትም ነበር።

ዴክሳሜታሶኑ የተገኘው በዕድል ነው። በዚያ ሌሊት ግጭ ላይ ሌላ ቡድን ባይኖር አይገኝም ነበር። በዚህ ላይ ጉዞ ማቀድ አይቻልም።

ለሌሎች ጉዞዎች የሚሆኑ ነገሮች

ይህ ታሪክ በሰሜን ተራሮች ቢሆንም ለባሌ የፈረስ ጉዞም ይሠራል። የባሌ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ሳነቲ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትርን ያልፋል። እዚያ የመጀመሪያው ሌሊት ከወዲሁ ከፍታ ላይ ነው።

ቀን ሲጎድል ከላይ ይቀነስ እንጂ ከታች አይቀነስ። እነዚህ ተጓዦች ቧሂትን ትተው ደባርቅ ቢያድሩ ኖሮ አንድ ጥሩ ተራራ ይቀርባቸዋል፤ ሌላ የሚቀር ነገር የለም። ከውጭ የመጣ እንግዳ አገሩ ኢትዮጵያ ብትሆንም በዚህ ጉዳይ እንደ ማንኛውም ከቆላ የመጣ ሰው ይታይ። ይህን ለአገር ልጅ መንገር ከባድ መሆኑን አስጎብኚዎች ይነግሩኛል። «እኔን ነው ብርድ የምታስተምረኝ?» ይባላሉ። አንዱ ያገኘው መላ ጥሩ ነው፤ ስለ ትውልድ ቦታ አይጠይቅም። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የት እንዳደሩ ብቻ ይጠይቃል።

በቅሎ ወይም ፈረስ ላይ የሚሄድ ሰው በየሰዓቱ ወርዶ ጥቂት ደቂቃ በእግሩ ይሂድ። ለእንስሳውም ለጀርባው እረፍት ነው። ዋናው ግን አስጎብኚው ሰውየው ሲራመድ እንዲያየው ነው። ከወረደ በኋላ ወዲያው ቢንገዳገድ እግር ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላም የሚንገዳገድ ከሆነ ግን ይህ ማብራሪያ አይሠራም። ቁልቁለት ሲበዛ ደግሞ ሁሉም በእግሩ ይውረድ።

ማታ ኮርቻ ሲወርድ አስጎብኚው አብሮ ይገኝ። ጀርባዋ ደህና ነው? ጠፍሩ ስንት ጊዜ ጠበቀ? የተቀመጠባትስ ሰው እንዴት ዋለ? ጥያቄው ለባለ በቅሎው በየማታው፣ ደህና በሆነ ቀንም ይቅረብ። ችግር ሲኖር ብቻ የሚጠየቅ ሰው መልሱን ያሳጥራል።

ክፍያውን በተመለከተ ሐሳቤ ቁርጥ ነው። ጉዞ በሕመም ምክንያት ቢቋረጥ ባለ በቅሎው፣ ስካውቱና ምግብ አብሳዩ የተዋዋሉትን ቀን ሙሉ ክፍያ ያግኙ። ይህ ከመነሻው በእንግዳው ዋጋ ውስጥ ይካተት፤ ለባለ በቅሎዎቹም ከመነሣታቸው በፊት በቃል ይነገራቸው። ይህን ጉዞ ያዘጋጀው ድርጅት በዚያ ጊዜ ሙሉውን አልከፈለም ነበር። የከፈለው የታመመው እንግዳ ነው፤ ካገገመ በኋላ፣ ከአሜሪካ። ለቃሬዛ ተሸካሚዎቹም፣ ቀድሞ ለተላከው ወጣትም፣ ጀርባዋ ለተላጠው በቅሎ ባለቤትም ላከ። በቅሎዋ እስክትድን ድረስ አልተጫነችም፤ ድርጅቱም ከዚያ ወዲህ ሙሉ ክፍያውን በውሉ ውስጥ አስገብቷል።